አሮጌ ራም ላይ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ መግጠም፦ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለኩ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ሞዴል 2001 ዶጅ ራም 2500 አለኝ። ሞተሩ 5.9 ሊትር ከሚንስ ዲዝል ባለ 24 ቫልቭ፣ ካምቢዮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ፣ ዲፈረንሻሉ 3.54፣ ፎር ዊል ነው። ሁለት መኪና በሚጭን ተሳቢ ከዴንቨር ወደ ግራንድ ጃንክሽንና ሶልት ሌክ ሲቲ መኪና አመላልሳለሁ። ወደ አይዘንሃወር ዋሻ በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ ጫፍ ስደርስ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ሜዳ ላይ ደግሞ በ45 ማይል አካባቢ ማርሹ ገባ ወጣ ይላል። ጓደኛዬ ጀንክያርድ ውስጥ ከ2008 ራም የወረደ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ አግኝቶልኛል። ሌላው አሊሰን (በጂኤም ፒክአፖች ላይ የመጣው ካምቢዮ) ነው የሚሻልህ ይለኛል። ሞተሩ ያው ከሚንስ ስለሆነ በብሎን ብቻ ይገጥማል ተብያለሁ። ነዳጅ ይቆጥብልኛል? ጭነትስ መጨመር እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ያንን ካምቢዮ ገና አይግዙት። የጻፉት ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሌላው የሙቀት። ሁለቱንም ያመጣው የማርሽ ማነስ አይደለም። የኤሌክትሪኩ እንዲያውም ካምቢዮ ቢቀይሩም ተከትሎዎት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

በ45 ማይል አካባቢ ገባ ወጣ የሚለው ማርሹ ሳይሆን የቶርክ ኮንቨርተሩ ሎክአፕ ነው። ኮንቨርተሩ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በዘይት ነው፤ ፍጥነት ሲረጋ ግን በውስጡ ያለ ክላች ይነክስና ሁለቱን በቀጥታ ያስራቸዋል። ከ1998 አጋማሽ እስከ 2002 በተሠሩት ባለ 24 ቫልቭ ራሞች ላይ ይህ ክላች ያለ ምክንያት እየነከሰ ሲለቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲናሞው ነው። የዲናሞው ዳዮድ ሲደክም የተዛባ ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦዎቹ ይለቃል፤ ኮምፒዩተሩም የነዳጅ ፔዳሉን ምልክት አሳስቶ ያነበዋል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን ያስነሱ፣ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ ያድርጉና የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ይታደስ ወይም ይቀየር። ካላሳየ ቀጥሎ የፔዳሉን ሴንሰርና ከኮምፒዩተሩ ወደ መሬት የሚወርዱትን ሽቦዎች ያስፈትሹ። ይህን ሳያደርጉ ካምቢዮ የሚያስወርዱ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ገንዘብ ያወጡና መኪናው ያንኑ ሲያደርግ ያገኙታል።

ወደ ዳገቱ እንሂድ። «ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም» ያሉት ትክክለኛ ገለጻ ነው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። እርስዎ ያለዎት ካምቢዮ 47አርኢ ይባላል። የማርሾቹ ሬሾ፣ ማለትም የካምቢዮው መውጫ ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ 2.45፣ 1.45፣ 1.00 እና 0.69 ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሎክአፑ የሚነክሰው በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ብቻ ነው። አይ-70 ወደ ዋሻው ሲቃረብ ዳገቱ እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። መኪናው ከነተሳቢው 18,000 ፓውንድ ቢመዝን፣ ያንን ዳገት በ40 ማይል ለመውጣት ጎማው ላይ 155 ያህል የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በዚህ ፍጥነት በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 1,550 ዙር ገደማ ላይ ስለሚወድቅ አቅም ያጥረዋል፤ ኮምፒዩተሩም ወደ ሁለተኛ ይመልሰዋል። ሁለተኛ ላይ ዙሩ 2,250 ይሆናል፣ ለሞተሩ ጥሩ ነው፤ ሎክአፑ ግን ለቋል። ከዚያ በኋላ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው በሚንሸራተት ዘይት ውስጥ ነው። 10 በመቶው ብቻ እንኳ በመንሸራተት ቢጠፋ ከ10 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ነው፤ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ካምቢዮው ሥር ጥዶ ዳገት እንደመውጣት ማለት ነው። በዚያ ላይ ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ11,000 ጫማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ራዲያተሩም ሆነ የዘይት ማቀዝቀዣው አቅማቸው ይቀንሳል።

የካምቢዮ ዘይት በ175 እና በ200 ዲግሪ ፋራናይት መካከል ቢሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። 250 ካለፈ ይጠቁራል፣ ክላቾቹን የመያዝ ባሕርዩን ያጣል፣ የጎማ ማሸጊያዎቹም ይደርቃሉ። እርስዎ የሸተተዎት ይህ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ያለ መለኪያ በተራራ ላይ ተሳቢ መጎተት የለብዎትም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ዳገቱን ጨርሰው ዳር ሲቆሙ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገው ሞተሩ እንዲሠራ ከተዉት ካምቢዮው አይቀዘቅዝም። ባልተነካ 47አርኢ ላይ በፓርክ ጊዜ ዘይት ወደ ኮንቨርተሩም ሆነ ወደ ማቀዝቀዣው አይሄድም። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ይሳቡ፣ ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ፣ ኒውትራል ላይ አድርገው ሞተሩን ትንሽ ከፍ ባለ ዙር ያቆዩት። የዘይቱ መጠንም የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ኒውትራል ላይ ነው። በፓርክ የሚለካ ሰው የተሳሳተ ልክ ያነባል።

አሁን ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮዎቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፤ ጥያቄዎ የሚፈታው እዚህ ነው። ከ2008 ራም የወረደው 68አርኤፍኢ ይባላል፤ ሬሾዎቹ 3.23፣ 1.84፣ 1.41፣ 1.00፣ 0.82 እና 0.63 ናቸው። በ40 ማይል ያንን ዳገት የሚወጡት በሦስተኛው፣ በ1.41 ነው። የእርስዎ ሁለተኛ ማርሽ 1.45 ነው! ሞተሩ የሚዞረውም፣ ጎማው ላይ የሚደርሰውም ጉልበት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ባለ ስድስቱ በዚያ ማርሽ ኮንቨርተሩን ይቆልፋል፣ የእርስዎ አይቆልፍም። እርስዎ መግዛት የፈለጉት ይህንን መቆለፍ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ባለዎት ካምቢዮ ላይም ሊሠራ ይችላል።

ባለ ስድስት ማርሽ በእርግጥ የሚበልጥባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው መነሻ ላይ ነው፤ 3.23 ከ2.45 ጋር ሲነጻጸር 32 በመቶ የበለጠ ጉልበት ጎማው ላይ ያደርሳል፤ ጭነት ይዘው ዳገት ላይ ከቆሙበት ሲነሡ ይሰማዎታል። ሁለተኛው በ1.00 እና በ0.69 መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነው። ኦቨርድራይቭ (ሬሾው ከ1.00 በታች የሆነው የፍጥነት ማርሽ) ላይ ሆነው ትንሽ ዳገት ሲመጣ ከ0.69 ወደ 1.00 ይወርዱና ሞተሩ ድንገት ይጮሃል። 68አርኤፍኢ መሃል ላይ 0.82 ስላለው ይህን ክፍተት ይሞላዋል። አሊሰን 1000 ግን አይሞላውም፤ ባለ ስድስቱ አሊሰን 3.10፣ 1.81፣ 1.41፣ 1.00፣ 0.71 እና 0.61 ነው። ከ1.00 ቀጥሎ 0.71 ነው፤ እርስዎ ካለዎት 0.69 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጓደኛዎ አሊሰን ጠንካራ ነው ማለቱ ልክ ነው፤ የማርሽ አደራደሩ የእርስዎን መንገድ ያቀልልዎታል ማለት ግን አይደለም። ለተሳቢ በጣም የሚመቸው አደራደር የፎርዱ 6አር140 ነው፦ 3.97፣ 2.32፣ 1.52፣ 1.15፣ 0.86፣ 0.67። ከ2011 ጀምሮ ከ6.7 ሊትር ፓወር ስትሮክ ጋር የመጣ ካምቢዮ ነው። ለከሚንስ የሚያገናኘው ኪት አለ፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

ነዳጁን በተመለከተ ተስፋዎን ልቀንሰው። በ3.54 ዲፈረንሻልና 265/75 በሆነ ባለ 16 ጎማ በ65 ማይል ሲሄዱ ሞተርዎ አሁን 1,740 ዙር ገደማ ነው። በ0.63 ወደ 1,590 ይወርዳል። 150 ዙር ነው። ባዶዎን በሜዳ ላይ ከሄዱ ጥቂት ይረዳል፤ ተሳቢ ይዘው ግን 0.63 ላይ ብዙ አይቆዩም። በዚህ ቁጠባ ካምቢዮው ዋጋውን ይመልሳል የሚልዎት ሰው አላሰላውም።

«በብሎን ብቻ ይገጥማል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። የእርስዎ የ5.9 እና የ2008ቱ የ6.7 ከሚንስ የኋላ ፊት አንድ ዓይነት ስለሆነ የ6.7ቱን አዳፕተር ፕሌትና ፍሌክስ ፕሌት (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብረቶች) እንዲሁም ኮንቨርተር አብረው ካገኙ ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ካምቢዮውን ብቻውን መግዛት የለብዎትም፤ እነዚህ ቁርጥራጮች ተለይተው ሲገዙ ውድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ሰው የሚረሳው። ካምቢዮውን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት ቦታው ይቀየራል። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው የፎር ዊሉ ትራንስፈር ኬዝ የሚገባበት ዘንግ የጥርስ ቁጥሩ መመሳሰል አለበት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱት ሻፍቶች ተቆርጠው ወይም ረዝመው እንደገና ባላንስ ይደረጋሉ። ከመሪው ሥር ያለው የማርሽ መቀየሪያ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር እንዲናበብ ይስተካከላል። ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ካልሆነ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክለው ስዊችና የሪቨርስ መብራቱም በአዲስ መልክ ይሳባሉ። ያንን ስዊች በቀጥታ አገናኝተው የሚያልፉት ባለሙያዎች ዘንድ አይሂዱ፤ ማርሽ ላይ ሆኖ የሚነሣ ዲዝል ሰው ይገድላል።

ከሁሉም የሚከብደው ኮምፒዩተሩ ነው። 68አርኤፍኢ ግፊቱንም ማርሽ ቅየራውንም የሚሠራው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ የ2008 ሞተር ምን ያህል ጉልበት እያወጣ እንደሆነ በየቅጽበቱ ይነግረዋል፣ እሱም በዚያ ልክ ክላቾቹን ይጫናል። የእርስዎ የ2001 ሞተር ይህን አይነግረውም። ስለዚህ ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ ተገዝቶ፣ ከፔዳሉ ሴንሰርና ከቱርቦው ግፊት እየገመተ እንዲሠራ መስተካከል አለበት። ማስተካከሉ የሚፈልገው ላፕቶፕና ተሳቢ የተቀጠለበት መኪና ይዞ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነው። ጋራዥ ውስጥ ባዶ መኪና ላይ የተስተካከለ ካምቢዮ ጭነት ሲያገኝ ይንሸራተታል፤ በዚህ ካምቢዮ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚቃጠለው የኦቨርድራይቭ ክላቹ ነው። የአሮጌውን ካምቢዮ የሚያዘው የመኪናዎ ኮምፒዩተር ደግሞ ተነቅሎ አይጣልም፤ የዲናሞውን ቻርጅና ክሩዝ ኮንትሮሉን የሚቆጣጠረው ይኸው ነው። ካምቢዮው እንደጠፋ ስለሚያውቅ የቼክ ኢንጂን መብራቱን ያበራል፤ ይህን በሥርዓት የሚፈታ ሰው ከሌለ መብራቱ እንደበራ ይቀራል፣ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣም አያዩትም።

አሊሰን ለመግዛት ካሰቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ2001 እስከ 2005 በጂኤም ፒክአፖች ላይ የመጣው አሊሰን 1000 ባለ 5 ማርሽ ነው፤ ባለ 6 የሆነው ከ2006 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ቫልቭ ቦዲያቸው (ዘይቱን ወደ ክላቾቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) እና ኮምፒዩተራቸው ግን ይለያያል። ጀንክያርዱ «ባለ 6 ነው» ስላለዎት ብቻ አይመኑ፣ የወረደበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር ይጠይቁ። የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ የዶጆቹ ኤቲኤፍ+4፣ የፎርዱ ሜርኮን ኤልቪ ነው የሚፈልጉት፤ በርካሽ «ለሁሉም የሚሆን» ዘይት አይተኩ።

በወጪ ደረጃ ጀንክያርድ ያለው ካምቢዮ ትንሹ ክፍል ነው። ሲታደስ፣ መቆጣጠሪያው፣ አዳፕተሩ፣ ኮንቨርተሩ፣ ሻፍቶቹና የእጅ ዋጋው ሲደመሩ አስር ሺህ ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ሳይታደስ የሚገጠም ጀንክያርድ ካምቢዮ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ሲበላሽ የእጁን ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

ጭነት ስለመጨመሩ መልሱ አይቻልም ነው። መኪናው የሚፈቀድለት ክብደት በሹፌሩ በር ላይ ባለው መለያና በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈው ነው፤ ካምቢዮ ሲቀየር ያ ቁጥር አይቀየርም። ፍሬኑ፣ ፍሬሙ፣ ጎማውና አክሱሉ ያው ናቸው። ወደ ዩታ እየተሻገሩ በክፍያ ስለሚጭኑ መኪናውና ተሳቢው በጥምር ከ10,000 ፓውንድ በላይ በመሆኑ የዲኦቲ (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር ያስፈልግዎታል። የተሳቢው መለያ ከ10,000 በላይ ሆኖ ጥምሩ 26,001 ፓውንድ ከደረሰ ደግሞ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ግዴታ ነው። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው እነዚህን ቁጥሮች ነው።

እኔ የምመክርዎት ያለዎትን 47አርኢ ለተሳቢ ሥራ በሚሆን መልኩ እንዲያሠሩ ነው። ዋናው ነገር ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሎክአፑን መቆለፍ የሚችል ቫልቭ ቦዲና ያንን ጫና የሚችል ባለ ብዙ ክላች፣ መንሸራተቱ ያነሰ ኮንቨርተር ነው። የመጀመሪያው ባለ አንድ ክላች ኮንቨርተር በሁለተኛ ማርሽ ተቆልፎ ዳገት ለመውጣት አልተሠራም፤ ቫልቭ ቦዲውን ብቻ ቀይረው እሱን ቢተዉት ያቃጥሉታል። ከዚህ ጋር ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ከነፋኑ ይገጠም፣ የግፊት ሶሌኖይዱና ሴንሰሩ አብረው ይቀየሩ። ከነዳጅ ፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ኬብል በልኩ መስተካከሉንም ራስዎ ቆመው ይዩ፤ ኬብሉ ከላላ የዘይቱ ግፊት ይቀንስና አዲሶቹ ክላቾች በወራት ውስጥ ያልቃሉ። ሞተሩ ላይ ጉልበት የሚያሳድግ ቺፕ ካለ ያንሱት። ያልተነካው ሞተር 235 የፈረስ ጉልበት ነው፤ በዚህ ልክ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ይችላል። ጉልበቱን ካሳደጉት ግን በጠንካራ ብረት የተሠራ ዘንግ መግዛት አለብዎት። ፋብሪካው ራሱ በ2001 እና 2002 ጉልበቱ ከፍ ያለውን ሞተር የሸጠው ከባለ 6 ማርሽ ማንዋል ጋር ብቻ ነበር፣ አውቶማቲኩን ለዚያ አላመነውም።

ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈዎት ዲፈረንሻሉን ከ3.54 ወደ 4.10 ያስቀይሩ። በሁሉም ማርሽ ላይ 16 በመቶ ጉልበት ይጨምራል፤ በ65 ማይል ዙሩ 2,000 ገደማ ይሆናል፣ ለተሳቢ የሚመች ዙር ነው። ፎር ዊል ስለሆነ የፊቱም የኋላውም አብረው መቀየር አለባቸው፤ አንዱን ብቻ ቀይረው ፎር ዊል ካስገቡ ትራንስፈር ኬዙን ይሰብሩታል። ባዶዎን ብዙ የሚነዱ ከሆነ ይህን ይተዉት።

ለዚህ ሁሉ አንድ ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ሞተሩን ይዩ። ከ1999 እስከ 2001 ገደማ በወጡት ሞተሮች ውስጥ ብሎኩ ላይ «53» የሚል ቁጥር የተቀረጸባቸው አሉ፤ እነዚህ ብሎኮች በጎናቸው ተሰንጥቀው ውኃ ማፍሰሳቸው የታወቀ ነው። የእርስዎ 53 ሆኖ የውኃ ምልክት ጎኑ ላይ ካለ ካምቢዮ ላይ ገንዘብ አያፍስሱ። ቪፒ44 የተባለውን የነዳጅ ፓምፕ የሚመግበውን ትንሹን ፓምፕ ግፊትም ያስለኩ፤ ጭነት ላይ ሲሆን ከ10 ፒኤስአይ በታች ከወረደ ትልቁ ፓምፕ ቀኑን እየቆጠረ ነው።

ባለ 6 ማርሽ መግጠም የሚያዋጣው ለማን ነው? ሞተሩ ጤነኛ፣ አካሉ ያልዛገ፣ ጉልበቱ ከ300 በላይ የሆነና ለብዙ ዓመታት ሊያቆየው ላሰበ ሰው፤ በአቅራቢያውም ይህን ሥራ ደጋግሞ የሠራና መቆጣጠሪያውን ተሳቢ ቀጥሎ የሚያስተካክል ባለሙያ ላለው ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ከፋብሪካው ባለ 6 ማርሽ ሆኖ የተሠራ መኪና መግዛት ይሻላል። እርስዎ በመኪናው የሚተዳደሩ ነዎት፤ ጋራዥ የቆመበት እያንዳንዱ ሳምንት ገቢ የሌለበት ሳምንት ነው። ያለዎትን ካምቢዮ ማሠራት የሚጠይቀው ጊዜም ገንዘብም ባለ 6 ማርሽ መግጠም ከሚጠይቀው ግማሽ ብዙ አይበልጥም።

የመጨረሻው ስለ ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን ሲወርዱ ፍሬን ለጠፋባቸው መኪኖች የተሠሩትን መውጫዎች አይተዋቸዋል። ኤግዞስት ብሬክ (ጭሱን አፍኖ በሞተሩ መኪናውን የሚያዘገይ ፍሬን) መግጠም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ ሞተሩ መኪናውን አይይዘውም። ከዚህም በላይ 47አርኢ ላይ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ የዘይቱ ግፊት ስለሚወርድ፣ ቫልቭ ቦዲው ለዚህ ካልተዘጋጀ ኤግዞስት ብሬኩ ክላቾቹን ያንሸራትታቸዋል። ስለዚህ ቫልቭ ቦዲውን ሲያዙ ለኤግዞስት ብሬክ የሚሆነውን ብለው ይዘዙ፤ ብሬኩም ከካምቢዮው ሥራ በኋላ ይገጠም እንጂ አይቅደም። እስከዚያው ግን በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይጫኑ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፣ የዘይቱ ሙቀት 230 ዲግሪ ሲደርስ ዳር ይዘው ይቁሙ።